ጥላን በራስ ጫማ

«የኔታ፣ ስልኬ ዘጠኝ ሰዓት ሞልቷል ይላል፤ እርስዎ ግን ጥላዬን አስቆጥረው ገና ነው አሉኝ። የቱን ልመን?» ጥያቄው በዓርብ ጾም የመጣ የአዲስ ደቀ መዝሙር ነው። ጥላህን እመን አልሁት።

የአገሪቱ ሰዓት የተቀመረው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው፤ መስመሩም በኦጋዴን በኩል ያልፋል። ጎንደር ያለችው 37 ዲግሪ ተኩል ላይ ስለሆነ ፀሐይዋ ከስልኩ ግማሽ ሰዓት ያህል ትዘገያለች። በየካቲት መጀመሪያ ልዩነቱ ሩብ ሰዓት ገደማ ይጨምራል፤ በጥቅምት መጨረሻ ያንኑ ያህል ይቀንሳል። ክረምት ደመና ሲጋርደን ግን ይህንን አስልቶ በስልክ መጠቀም ግድ ነው።

አንድ ወዳጄ ደግሞ ከአውሮፓ የነሐስ የጥላ ሰዓት አምጥቶ በግቢያችን ካልተከልሁ ብሎ ተሟግቶኛል። የዚያ ሰዓት ስለት የሚጋደመው እንደ አገሩ ኬክሮስ ነው። ለሰሜን አገር የተሠራው ቀና ብሎ ይቆማል፤ ለጎንደር ግን 12 ዲግሪ ተኩል ብቻ ቀና ማለት አለበት፣ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው። አስተካክለን ብንሠራው እንኳ ከሦስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያሉት መስመሮች መካከል ላይ ይጨናነቃሉ። የጾም ሰዓት የምንፈልገው ደግሞ እዚያው ነው።

ጫማ ቆጠራ ይህ ችግር የለበትም። የሰው ቁመት ከራሱ ጫማ ስድስት ተኩል ያህል ስለሆነ ረጅሙም አጭሩም ተቀራራቢ ቁጥር ያገኛሉ። በሌላ ሰው እግር የሚለካ ግን ምንም አልለካም፤ በዚህ ከማንም ጋር አልስማማም። ጥምጥም ይውለቅ፣ መሬቱ ደልዳላ ይሁን፣ ተረከዝ ከአውራ ጣት ይግጠም። በእኛ አገር ዘጠኝ ሰዓት በመጋቢት ሰባት ጫማ ገደማ ነው፤ በታኅሣሥ ወደ አሥር ይጠጋል። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ቡሄ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይዞራል፤ በቡሄ ሰሞን ቀትር ላይ ከእግር ሥር ይጠፋል።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ የየወሩን ጫማ ግን በቃሏ ታውቅ ነበር። ረቡዕና ዓርብ «ውጣና ጥላህን ቁጠር» ትለኛለች፤ ርቦኝ እርምጃዬን እንዳላሳጥር ደጃፍ ቆማ ተረከዜን ትጠብቃለች። የእጅ ሰዓት ቤታችን ከገባ በኋላም ልማዷን አልተወችም። ባሕረ ሐሳብ ሳልማር ዓመት እንዴት እንደሚዞር የገባኝ በእሷ ቆጠራ ነው፤ ኅዳር ሲገባ ጥላዬ ሲረዝም፣ ሁዳዴ ሲገፋ ሲያጥር በገዛ እግሬ አውቄዋለሁ።