ጀርባውን ገልብጦ ማየት

መንዝ ውስጥ ራቤል ገበያ የሱፍ ባና የሚገዛ ሰው ፊቱን ብቻ አይቶ ገንዘብ አይቆጥርም። ይገለብጠዋል፣ ጥብቀቱን በጣቱ ይዳብሳል፣ ከዚያ ነው ወደ ዋጋ የሚገባው። በእንጨት ተቀርጾ በወረቀት የታተመ ሥዕልም የሚፈተነው እንዲሁ ነው። አዲስ ሰብሳቢዎች ግን አስቀድመው የሚፈልጉት ከግርጌው በእርሳስ የተጻፈውን ቁጥር ነው። 12/50 ከተባለ ከሃምሳ ቅጂ አሥራ ሁለተኛው ማለት ነው። ይህ ብዛቱን ይነግረናል፤ ሥራው ጥሩ ስለመሆኑ ግን አንዳች አይነግረንም። ብዙዎቹ ምርጥ የጃፓን ኅትመቶች ቁጥር የሚባል የላቸውም።

የጃፓናዊውን ሠዓሊ የካዋሴ ሐሱይን የዞጆጂ ቤተ መቅደስ ሥዕል እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1925 የታተመ ነው፤ ቀይ በር፣ የሚወርድ በረዶ፣ ጃንጥላ የያዘች ሴት። ሐሱይ ነደፈው እንጂ እንጨቱን አልፈለፈለም። ቀራጩም አታሚውም ሌሎች ናቸው፤ ሁሉንም ያገናኘው አሳታሚው ዋታናቤ ሾዛቡሮ ነው። ቀለሞቹ በተለያዩ ሰሌዳዎች ተቀርጸው ወረቀቱ በየተራ ይነጠፍባቸዋል፤ አታሚውም ባሬን በሚባል ክብ መፈተጊያ ጀርባውን በእጁ ያሻል። ስለዚህ ወረቀቱን ገልብጠን ብርሃን ከጎን ስናሳርፍበት የመፈተጊያው ዱካ ይታያል፤ ቀለሙም ወደ ጀርባ ዘልቆ እናገኘዋለን። በማሽን የተባዛው ግልባጭ ይህ የለውም። ፊቱን በማጉያ መነጽር ብናየው ጥቃቅን ነጠብጣብ ሆኖ ይበተናል።

በእንዲህ ያሉ ኅትመቶች እኔን ብዙ ጊዜ የሚያቆመኝ ሰማዩ ነው። ከላይ ጠቁሮ ወደ ጣሪያው ሲወርድ እየሳሳ የሚሄደው ቀለም በሰሌዳው ላይ አልተቀረጸም፤ አታሚው ለእያንዳንዱ ቅጂ በውኃና በብሩሽ እንደ አዲስ ያሳሳዋል። ጎበዝ አታሚ ያሳሳው ቀለም ያለ ድንበር ያልፋል። የደከመው ላይ መስመር ይታያል፣ ወይም ሰማዩ ይዥጎረጎራል። ከአንድ ሰሌዳ የወጡ ሁለት ቅጂዎች በዚህ ብቻ የሰማይና የምድር ያህል ሊራራቁ ይችላሉ፤ ለዚህ ነው በፎቶግራፍ ብቻ አይቶ መግዛትን የማልመክረው።

ከዚያ ወደ ማኅተሙ ነው። የዋታናቤ ኅዳግ ማኅተም በየዘመኑ ስለተቀየረ ቅጂው መቼ እንደታተመ ያመለክታል። እ.ኤ.አ. በ1923 የደረሰው የቶኪዮ መሬት መንቀጥቀጥና እሳት ሰሌዳዎቹን ስለፈጀ ከዚያ በፊት የታተሙት ብርቅ ናቸው። ሌላው ጃፓናዊ ሠዓሊ ዮሺዳ ሂሮሺ ደግሞ ኅትመቱን ራሱ ለተቆጣጠራቸው «ጂዙሪ» የሚል ምልክት ያኖር ነበር። ከሠዓሊው ሞት በኋላ ከዚያው ሰሌዳ የታተመ ቅጂ ሐሰተኛ አይደለም፤ በመጀመሪያው ዋጋ መሸጡ ግን ማታለል ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ መለኪያው ይለወጣል። ጀርመናዊው ሠዓሊ ሐንሰን ባሂያ፣ አለ ፈለገ ሰላም በመሠረቱት የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ት/ቤት፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የእንጨት ኅትመት አስተማረ፤ ሠዓሊው ዘሪሁን የትምጌታም ከተማሪዎቹ አንዱ ነበር። በዚህ መንገድ ነዳፊውም ቀራጩም አንድ ሰው ነው፤ ሰማይ የሚያሳሳ አታሚ አንፈልግም። የምናየው ስለቱን ነው። ቢላዋው ሳያመነታ ገብቶ ወጥቷል? ጥቁሩ ሙሉ ነው ወይስ ሳይታሰብ ተቦርቡሯል? ነጩ ቦታ ታስቦበት የተተወ ነው? ሠዓሊው በሕይወት ካለ ሰሌዳው የት እንዳለ መጠየቅ ነውር የለውም። ቅጂው ሲያልቅ ሰሌዳውን በጭረት የሚሰርዝ ሠዓሊ ቃሉን ጠብቋል።

ኅዳጉ ተቆርጦ በካርቶን ላይ በሙጫ የተለጠፈ ቅጂ ግን፣ ፊቱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ እኔ አልገዛም። ጀርባው ጠፍቷል፤ ሙጫውም ከጊዜ ጋር ወረቀቱን ያጠቁረዋል። ጥሩውን ያገኘ ሰው ከአሲድ ነጻ በሆነ ወረቀት ደግፎ፣ መስታወቱ ሥዕሉን እንዳይነካው አድርጎ፣ ፀሐይ ከማይደርስበት ግድግዳ ላይ ይስቀለው።