ስለ ረጅም የፍለጋ ጥያቄ አከፋፈል

ኦብሲዲያን በተባለው የማስታወሻ መጻፊያ ውስጥ ታስክስ የሚባል የሥራ መዝገብ አለ። በእርሱ ዘንድ እያንዳንዱ መስመር ራሱን የቻለ ትእዛዝ ነው፤ የማጣሪያ መስመሮችም ሁሉ በ«እና» እንደ ተያያዙ ይቈጠራሉ። ለአጭር ጥያቄ ሕጉ መልካም ነው። ነገር ግን «ወይም» እና «አይደለም» በየቅንፉ የበዙበት ጥያቄ በአንድ መስመር መጻፍ ስለ ነበረበት ለማንበብ አዳጋች ኾኖ ቈየ።

በ5.0.0 እትም መፍትሔ መጣ፤ ይኸውም በመስመር መጨረሻ ባክስላሽ ቢደረግ ቀጣዩ መስመር የፊተኛው ተከታይ ይኾናል። እያንዳንዱን ቅንፍ በየመስመሩ ለይቶ ማየት ስለሚቻል ጥቅሙ የማይካድ ነው።

ነቀፌታችን ግን ይህ ነው፤ መሣሪያው አስቀድሞ ለመስመር መጨረሻ ትርጉም ሰጠ፤ ኋላም ያን ትርጉም የሚሽር ምልክት ጨመረ። መግለጫው «ሪፖርት» የሚል ሥራ ፈልግ ከሚለው መስመር በኋላ ምልክቱ ሳይታሰብ ቢቀር፥ ቀጣዩ ማጣሪያ የሚፈለገው ቃል ክፍል ይኾናል። መሣሪያው ስሕተት አለ አይልም፤ ባዶ ዝርዝር ያሳያል። ተማሪውም ሥራ የለብኝም ብሎ ይተኛል።

በብራና መጻሕፍታችን ቃልን ከቃል የሚለየው ሁለት ነጥብ ስለ ኾነ፥ መስመር በቃል መካከል ቢያልቅም አንባቢ አይሳሳትም። እንዲሁም ያልተዘጋ ቅንፍ ጥያቄው እንዳላለቀ ራሱ ይመሰክራል። ስለዚህ ቀጣዩን መስመር መጥራት የሚገባው ቅንፉ ነው እንላለን።