ባዶ የሚቀረው ዓምድ

በጦርነት ጊዜ የቀበሌ ሊቀ መንበር ዋና ሥራው ምንድን ነው ብትሉኝ መዝገብ መያዝ ነው እላለሁ። ስብሰባውም ቅስቀሳውም ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

በ2013 ክረምት በሰሜኑ ጦርነት ከራያ ቆቦና ከወልዲያ የተፈናቀለው ሕዝብ የደሴን ትምህርት ቤቶች ሲሞላ በእጃችን የነበረው እስክሪብቶና ሉክ ወረቀት ነው። ስንዴ የሚሰፈረው ስሙ ወረቀቱ ላይ ለሰፈረ ሰው ስለሆነ ምዝገባውን ለቀበሌ ሠራተኛ ብቻ መተው አይገባም። ካንድ አካባቢ የመጡትን አንድ ላይ ማስቀመጥ፣ ከመካከላቸው የሚያምኑትን ሰው ማስመረጥ፣ ከዚያ ዝርዝሩን ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። “ኧረ የእሷ ልጆች ሦስት ናቸው” ብሎ የሚያርመው ጎረቤቷ ነው። ለነባሩ ነዋሪ ደግሞ ከቀበሌው ፋይል የዕድሩ መዝገብ ይበልጣል፤ ማን እንደሞተ፣ ማን ብቻውን እንደቀረ የዕድር ጸሐፊ ያውቃል።

ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ከታሰበ ሦስት ነፍስ ያለበት ቤት 45 ኪሎ ይደርሰዋል፤ ከ50 ኪሎው ጆንያ 5 ኪሎ ይተርፋል። ጠብ የሚነሳው በዚያች ትርፍና ከመሬት በሚጠረገው ስንዴ ነው። የማን እንደሚሆን የመጀመሪያው ጆንያ ሳይፈታ፣ ቄሱና ሼሁ ባሉበት ይነገር።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ በምዝገባ ቅጹ ዳር ያለችው “ምርመራ” የምትል ዓምድ ናት። ጸሐፊዎች “ባሏ ሚሊሻ”፣ “ልጁ ዘምቷል” እያሉ ይሞሏታል። ደሴ በጥቅምት 2014 በትግራይ ኃይሎች ተያዘች፤ በኅዳር መጨረሻ የመንግሥት ጦር ተመለሰ። ከተማ እንዲህ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ለእህል የተጻፈ ስም ቤት ለቤት ለሚያስስ ታጣቂ መንገድ ይመራል። የመጣው ሲሄድ ደግሞ ያው ወረቀት “ማን ከማን ጋር ነበር?” ለሚል ይወጣል። በቀይ ሽብር ዘመን አሰሳው በቀበሌ በኩል ሲካሄድ ያየ ሰው ዛሬም በሕይወት አለ። ቀበሌ ሕዝቡን በስም የሚያውቅ የመንግሥት ደጃፍ ነው፤ ጥቅሙም አደጋውም ከዚያው ይመጣል።

ተኩስ ባልበረደበት አካባቢ የቀበሌ ኃላፊነት የያዛችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ስም፣ የቤተሰብ ብዛትና የመጡበትን ቀበሌ ጻፉ፤ ይበቃል። ብሔር፣ ፓርቲ፣ ባል ወይም ልጅ የት እንዳለ አትጻፉ። ቅጹ ከበላይ ቢመጣም ያቺን ዓምድ ባዶዋን መልሷት።