የ«ዪንግ» ትርጉም

የጥንት ቻይና ሐኪሞች በአንገት ፊት ለፊት የሚወጣውን እብጠት «ዪንግ» ብለው ሰይመውታል። በዚህ ዘመን ስለ ቻይና ባህላዊ ሕክምና የሚጽፉ ሰዎች ይህን ቃል «የታይሮይድ እባጭ» እያሉ ሲተረጉሙት ይታያል። ትርጉሙ ለአንባቢ ቢቀልም በቃሉ ላይ የሌለውን ዕውቀት ይጭንበታል። ጥንታውያኑ ያዩትና የዳሰሱት አንገትን እንጂ የታይሮይድ ዕጢንና ሥራውን አልነበረም። ለ«ዪንግ» የሚስማማው የአማርኛ አቻ «እንቅርት» ነው፤ እርሱም ዓይን ያየው እብጠት ስም ነውና።

ቻኦ ዩዋንፋንግ እ.ኤ.አ. በ610 ባዘጋጀው የበሽታዎች መንስኤ መጽሐፍ ለዪንግ ሁለት ምክንያት ሰጥቷል። አንደኛው የተራራ አገር አሸዋማ ውሃ መጠጣት ነው። ይህ የሚደነቅ አስተውሎት ነው፤ ከተራራማ አፈር አዮዲን በዝናብ ታጥቦ እንደሚሄድ የታወቀው እጅግ ዘግይቶ ነው። ሁለተኛው ግን ሐዘንና ቁጣ «ቺ» የተባለውን የሰውነት እስትንፋስ ያግዳል የሚለው ነው። በምሳሌያዊነቱ ውብ ቢሆንም በምን ይፈተናል? አንገቷ ያበጠባትን ሴት «ቁጣሽ ነው» ማለት በሕመሟ ላይ ወቀሳ መጨመር ነው፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ።

በመድኃኒቱ በኩል ምስጋናው ሙሉ ነው። በ4ኛው ምዕተ ዓመት ጌ ሆንግ የባሕር አረም በወይን ጠጅ ዘፍዝፎ መጠጣትን አዘዘ። ፈረንሳዊው ኩርቷ አዮዲንን ከባሕር አረም አመድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1811፣ የጄኔቫው ኩዋንዴ ለእንቅርት የሰጠው ደግሞ በ1820 ነው። ቻይናውያኑ ምክንያቱን ሳያውቁ ፈውሱን ደርሰውበት ነበር። ሆኖም የፈወሱት የአዮዲን እጥረት ያመጣውን እንቅርት ነው።

ዛሬ በአልትራሳውንድ የሚገኘው እባጭ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም፤ ጥቂቱ ካንሰር ይሆናል፤ ሌላው ደግሞ በራሱ ሆርሞን ያመነጫል። የመጨረሻው ዓይነት አዮዲን ሲጨመርለት ሊብስ፣ ልብንም ሊያስደነግጥ ይችላል። ስለዚህ የቃል ትርጉም ስሕተት የጽሑፍ ስሕተት ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የመርፌ ናሙና ሊወሰድለት የሚገባው ሰው አረም ሲያፈላ ወራት ሊያልፉበት ይችላሉ።

ትውፊቱ ራሱም አንድ ድምፅ አይደለም። በቼን ሺጎንግ የ1617 መጽሐፍ የሚገኘው ዝነኛ የባሕር አረም ፍል፣ አረሙን «ሊኮሪስ» ከተባለው ጣፋጭ ሥር ጋር ያቀላቅላል፤ የመድኃኒት ቀማሚዎች ጥንታዊ ሕግ ግን ሁለቱ አይገናኙ ይላል። ሊቃውንቱ ለዘመናት ተከራክረውበታል። ለዪንግ ሲታዘዝ ከኖረው ሌላ መድኃኒት አንዱ የቦዬ ዘመድ የሆነ መራራ ሥር ነው። ይህ ሥር ጉበትን እንደሚጎዳ ዛሬ በሚገባ ታውቋል፤ በሽተኛው ግን ሥሩን ከመግዛቱ በፊት ይህን የሚነግረው ሰው ላያገኝ ይችላል።