መራጩ ማን ነው? የጦማር ዝርዝር እንደ ሂስ ሥራ

እ.ኤ.አ. በ1998 መገባደጃ ላይ ጄሲ ጄምስ ጋሬት የተባለ የድረ ገጽ ባለሙያ፣ የራሱን ገጽ የሚመስሉ ገጾችን እየለቀመ የያዘውን ዝርዝር ለካሜሮን ባሬት ላከለት። ባሬትም ካምወርልድ በተባለው ገጹ ላይ አወጣው። ሬቤካ ብለድ በ2000 በጻፈችው የጦማር ታሪክ እንዳሰፈረችው፣ በ1999 መግቢያ ላይ በጋሬት ዝርዝር የነበሩት ጦማሮች 23 ብቻ ነበሩ። ፍላጎቱ ያለው ሰው ሁሉንም በየቀኑ ሊከታተላቸው ይችል ነበር። ዛሬ ስለ ቴክኖሎጂና ስለ በይነመረብ ባህል የሚጻፈውን አንብቦ መጨረስ ቀርቶ፣ ጸሐፊዎቹን በስም ማወቅ እንኳ አይታሰብም። ስለዚህ የወደዱትን ጦማር መርጦና ዘርዝሮ ለሌላው ማካፈል እንደ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ መታየቱን አልቀበልም። ዝርዝር የሂስ ሥራ ነው፤ እንደማንኛውም ሂስ የመራጩን ስምና የምርጫውን ምክንያት ይዞ መቅረብ አለበት።

የጦማር አነሳስ ራሱ ይህንን ይደግፋል። «ዌብሎግ» የሚለውን ስም ያወጣው ጆርን ባርገር ነው፤ ጊዜው ዲሴምበር 1997 ሲሆን ስሙን የሰጠውም ሮቦት ዊዝደም ለተባለው ገጹ ነበር። ባርገር እዚያ ላይ ረጅም ሐተታ አይጽፍም። ሲያነብ ያገኘውን ሊንክ ያስቀምጣል፤ አጠገቡ ጥቂት ቃላት ያሰፍራል፤ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ጦማር ሲጀመር የአንድ ሰው የንባብ መዝገብ ነበር ማለት ነው፤ መዝገቡም ለሌሎች ክፍት ነበር።

ቀጥሎ የሆነው ለሐያሲ ትልቅ ትምህርት አለው። የጦማሮቹ ቁጥር ሲበራከት ብሪጅት ኢተን የምታውቃቸውን ሁሉ ወደ አንድ መዝገብ ሰበሰበች። የትኛው ጦማር ነው፣ የትኛው አይደለም የሚለው ክርክር በተጧጧፈበት ሰዓት ኢተን የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ጽሑፎቹ ቀን የተጻፈባቸው ይሁኑ። ሊንክ ይኑራቸው፣ ስለሌላ ሰው ሥራ ይናገሩ አላለችም። ብለድ እንደምትለው ከነበሩት ዝርዝሮች ሁሉ የተሟላው የኢተን ስለነበር ያሸነፈውም የእሷ ብያኔ ሆነ። በ1999 በኦገስት ፓይራ ላብስ የተባለው ድርጅት ብሎገር የተሰኘውን አገልግሎት ለቀቀ። ተጠቃሚው የሚጠበቅበት ሐሳቡን ባዶው ሳጥን ውስጥ ጽፎ አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነበር። የግል ማስታወሻ ዓይነቱ ጦማር እንደ ጎርፍ ገባ፤ አንብቦ የሚጠቁመው ጦማር በገዛ ስሙ ሥር አናሳ ሆነ።

እኔ ከዚህ የምረዳው፣ ዝርዝር ያለውን ነገር መመዝገብ ብቻ ሳይሆን ምን እንደ ጦማር እንደሚቆጠርም እንደሚወስን ነው። የኢተን መስፈርት ቸር ነበር፤ ብዙ ሰዎችን ወደ ጽሑፍ አምጥቷል። ሆኖም የአንዲት ሴት የግል መዝገብ የአንድን ዘውግ ወሰን ሊያሰምር ከቻለ፣ ዝርዝር አዘጋጅ «እኔ ዝም ብዬ ሰበሰብኩ» ብሎ ከኃላፊነት ሊሸሽ አይችልም።

ኃላፊነቱን የሚያጎድል አንድ ጉዳይ ደግሞ በቴክኖሎጂው ውስጥ ተቀብሯል። ሰዎች የሚከታተሏቸውን ጦማሮች ዝርዝር ከአንዱ የአርኤስኤስ ማንበቢያ (የጦማሮችን አዳዲስ ጽሑፎች በአንድ ቦታ ከሚያሰባስብ መሣሪያ) ወደ ሌላው የሚያዛውሩት ኦፒኤምኤል በሚባል የፋይል ዓይነት ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ2000 የዴቭ ዋይነር ኩባንያ ዩዘርላንድ የሠራው ሥርዓት ነው። ፋይሉን በተራ የጽሑፍ ማረሚያ ከፍተው ቢያዩት ለእያንዳንዱ ጦማር አንድ መስመር አለ፦ ርዕሱ፣ የገጹ አድራሻ፣ አዳዲስ ጽሑፎች የሚመጡበት አድራሻ። «መግለጫ» የሚባል ቦታም አለ። ነገር ግን በሁለተኛው እትም ደንብ መሠረት እዚያ የሚገባው ጦማሩ ራሱ ስለራሱ የተናገረው ነው። ላኪው «ይህንን የመረጥኩት ለዚህ ነው» የሚልበት ቦታ አልተዘጋጀለትም። መቶ ጦማሮች የያዘ ዝርዝር ከወዳጅ ቢደርሰን መቶ አድራሻ እናገኛለን፤ የወዳጃችንን ፍርድ ግን አናገኝም። ቅርጹ ለመሣሪያ እንጂ ለአንባቢ አልታሰበም፤ ለአንባቢ የሚሆነውን መጨመር የላኪው ፈንታ ነው።

ጎግል ሪደር ይህንን ክፍተት በከፊል ሞልቶት ነበር። በ2005 የተጀመረው ይህ ማንበቢያ ተጠቃሚዎች የወደዱትን ጽሑፍ ከአጭር አስተያየት ጋር እንዲያካፍሉ ያስችል ነበር። በኢራን ጦማሮች ሲታገዱ ብዙዎች በእሱ በኩል ያነቡና ይወያዩ ነበር። ጎግል በ2011 የማካፈያውን ክፍል አንስቶ ተጠቃሚውን ወደ ጎግል ፕላስ ገፋው፤ ሪደርን ራሱን ደግሞ በጁላይ 1 ቀን 2013 ዘጋው። ጎግል ፕላስም ለተራው ተጠቃሚ በ2019 ተዘግቷል። ሰው የመረጠው ዝርዝር በአንድ ኩባንያ ቤት ሲቀመጥ ዕጣው ይኸው ነው።

ስለ መራጩ መብት የተነሳ አንድ ክርክርም አለ። በ2012 ጦማሪዋ ማሪያ ፖፖቫ ሁለት ምልክቶችን ሐሳብ አድርጋ አቀረበች፤ አንዱ ጽሑፉ በቀጥታ የተገኘበትን፣ ሌላው በተዘዋዋሪ መንገድ ያመለከተውን ሰው የሚጠቅስ። የሶፍትዌር ሠሪውና ጦማሪው ማርኮ አርመንት ወዲያው ተቃወማት። ሊንክ ማግኘት እንደ መጻፍ ባለቤትነት አያሰጥም፤ ክብሩ ለጸሐፊው ነው የሚል ነበር መልሱ። ምልክቶቹ ሳይለመዱ ቀሩ። አርመንት ስለ ባለቤትነት ያለው እውነት ነው። ፖፖቫ የያዘችውን ሌላ ነገር ግን አልመለሰም፦ አንባቢ ጽሑፉ በምን መንገድ እንደደረሰው ማወቅ አለበት። በቅኔ ቤት «ከማን ተማርክ? የየትኛው ቤት ነህ?» ተብሎ የሚጠየቀው መምህሩን ለማሞገስ ብቻ አይደለም። የዋሸራ፣ የዋድላ ወይም የጎንጅ ቤት መሆኑ ሲታወቅ ሰሚው ቅኔውን በምን እንደሚመዝን ያውቃል። የሊንክ መንገድም እንዲሁ መመዘኛ ነው።

የዝርዝርን ጉዳት ካልተናገርኩ ሚዛኑ ይዛባል። ስለ በይነመረብ የሚጽፈው ክሌይ ሸርኪ በፌብሩዋሪ 2003 ባወጣው ጽሑፍ 433 ጦማሮችን ይዞ ወደ እነሱ የሚያመለክቱ ሊንኮችን ቁጥር መረመረ። ከሊንኮቹ ግማሹን የወሰዱት 50ዎቹ ብቻ ነበሩ፤ 12ቱ 20 በመቶ ወስደዋል። ማንም አላደላም። እያንዳንዱ ሰው በነጻነት መረጠ፤ የሚመርጠው ግን ሌሎች ከመረጡት ውስጥ ነበር። ዝርዝር ከዝርዝር ሲቀዳ ታዋቂው ይበልጥ ይታወቃል። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በአማርኛ የሚጻፍ ጥሩ የቴክኖሎጂ ጽሑፍ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በሚቀባበሉት ዝርዝር ውስጥ የሚገባበት በር የለውም። ስለዚህ የምደግፈው የሌላውን ዝርዝር የሚደግመውን አይደለም። ስምና ቀን ያለበትን፣ የማይታወቀውን ፈልጎ የሚያስገባውን፣ የደከመውን የሚያወጣውን ነው።

በአገራችን ደግሞ ጽፎ ማካፈል ራሱ ዋጋ አስከፍሏል። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በብሎገር ላይ የሚስተናገዱ ጦማሮች ይታገዱ ነበር። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ዞን ዘጠኝ የተባለው የጦማርያን ስብስብ ስድስት አባላትና ሦስት ጋዜጠኞች ሲታሰሩ፣ ስለ ዲጂታል ደኅንነት መሠልጠናቸው ራሱ በክሱ ተጠቅሶባቸዋል። የሽብር ክሱ በ2007 ዓ.ም. ለአንዳንዶቹ ተቋረጠ፤ ሌሎቹንም ፍርድ ቤት በ2008 ዓ.ም. ከሽብር ክሱ ነጻ ብሏቸዋል። በሰኔ 2010 ዓ.ም. መንግሥት 264 ድረ ገጾች መከፈታቸውን አስታወቀ። በሩ ሲከፈት ግን አንባቢው ቀድሞ ወደ ቴሌግራም ሄዷል።

በቴሌግራም አንድ ጽሑፍ ፎርዋርድ ሲደረግ የመነሻው ቻናል ስም አናቱ ላይ ይወጣል፤ ይህ መልካም ሥርዓት ነው። ብዙ የቴክኖሎጂ ቻናሎቻችን ግን ጽሑፉን ገልብጠው እንደ አዲስ ይለጥፉታል። የጸሐፊው ስም ይጠፋል፤ መቼ እንደተጻፈ አይታወቅም፤ ከየትኛው የእንግሊዝኛ ገጽ እንደተተረጎመ አይነገርም፤ ግርጌው ላይ «ቻናላችንን ይቀላቀሉ» የሚለው ብቻ ይቀራል። ስለ ስልክ ደኅንነት ከአምስት ዓመት በፊት የተሰጠ ምክር የዛሬ መስሎ ሲዞር አደጋ አለው፤ ያረጀ ምክር ያመነ ሰው መለያውን ሊነጠቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ቴሌግራም የቻናሎችን ስብስብ በአንድ ፎልደር ለሌላው ማካፈል አስችሏል። እንደ ኦፒኤምኤል ሁሉ ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ ግን የለውም።

ስለዚህ አንባቢዬን የምጠይቀው ይህንን ነው፦ ስለ ቴክኖሎጂና ስለ በይነመረብ ሕይወት በአማርኛም ሆነ በሌላ ቋንቋ የምታነቧቸውን ጥቂት ጸሐፊዎች ዘርዝሩ። በእያንዳንዱ ሥር ለምን እንደመረጣችሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ማን እንዳመላከታችሁ ጥቀሱ፤ ቀኑንና ስማችሁን አስቀምጡ። ፎልደር የምታካፍሉም ከሆነ ይህንን የጻፋችሁትን አብራችሁ ላኩ።