«አልተገኘም» እና «ሊደረስበት አልተቻለም»፦ በኮምፒዩተር አነሣሥ ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

ኮምፒዩተር ተነሥቶ ሥራ እስኪጀምር ድረስ የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች የሚገልጹ የእንግሊዝኛ ቃላት ወደ አማርኛ ሲመለሱ፣ «ፕሮብ»፣ «ዲቴክት»፣ «አይደንቲፋይ» እና «አክሰስ» የሚባሉት ግሦች «ማግኘት» በሚል አንድ ቃል ሲጠቃለሉ እናያለን። ይህ አሠራር ለተርጓሚው ቢቀልም ጠጋኙን መንገድ የሚያስት ነው ብለን እናምናለን።

«ቡት» ለሚለው «ማስነሣት» መባሉን ግን እንደግፋለን። ቃሉ በመኪና ዘንድ የተለመደ ከመሆኑም በላይ፣ እንግሊዝኛው በአንድ ቃል የሚያዳፍነውን የ«ተነሣ» እና የ«አስነሣ» ልዩነት አማርኛው በርባታው ለይቶ ያሳያል።

ችግሩ የሚመጣው ማሽኑ አልነሣ ሲል ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣውን ዊንዶውስ 7 ለምሳሌ እንውሰድ። ሥርዓተ ክወናው የተጫነው የዲስኩ መቆጣጠሪያ አይዲኢ በሚባለው ስልት ላይ ሳለ ከሆነና ኋላ ስልቱ በባዮስ ውስጥ ወደ ኤኤችሲአይ ከተለወጠ፣ ማሽኑ «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» የሚል ስያሜ ባለው ስሕተት ሊቆም ይችላል። ይህን «የማስነሻ ዲስኩ አልተገኘም» ብሎ የሚመልስ ተርጓሚ ተሳስቷል። ባዮሱ ዲስኩን ባያገኘው ኖሮ ከርነል የተባለው የሥርዓተ ክወናው አስኳል ከዚያው ዲስክ ተነቦ ባልተጫነ ነበር። እንቅፋቱ የተፈጠረው ከርነሉ ሥራውን ተረክቦ ዲስኩን በራሱ ነጂ ፕሮግራም ሊያነብ ሲል ነው፤ ለአዲሱ ስልት የሚያስፈልገው ነጂ በመነሻው ጊዜ እንዲጫን አልተደረገምና። «አልተገኘም» የሚለውን ያነበበ ጠጋኝ ኬብል ይነቅላል፣ ዲስክ ይለውጣል፤ ሲብስም ሁሉን አጥፍቶ እንደ አዲስ ይጭናል፣ የባለቤቱም ሰነድ አብሮ ይጠፋል። «ሊደረስበት አልተቻለም» የሚለውን ያነበበ ግን ስልቱን ወደ ነበረበት መልሶ ማሽኑን ያስነሣል፤ ነጂውን ካሰናዳ በኋላ ስልቱን ይለውጣል።

በሊኑክስ የሚታየው ደግሞ «መለየት» ከ«ማግኘት» ጋር ሲምታታ የሚመጣው ጣጣ ነው። ዲስኮች በተገኙበት ቅደም ተከተል «ኤስዲኤ»፣ «ኤስዲቢ» እየተባሉ ስለሚሰየሙ፣ ቅደም ተከተሉም ሊለዋወጥ ስለሚችል፣ በትላንት ስሙ የተፈለገው ዲስክ ዛሬ በሌላ ስም ተቀምጦ ይገኛል። ዲስኩ ተገኝቷል፤ አልተለየም። ባለሙያዎች በስሙ ፈንታ ዩዩአይዲ በተባለው የፋይል ሥርዓቱ መለያ የሚጠቀሙት በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ለ«ዲቴክት» «ማግኘት»፣ ለ«አይደንቲፋይ» «መለየት»፣ ለ«አክሰስ» «መድረስ» እንዲሆን እናቀርባለን። «ፕሮብ»ን «መዳሰስ» ብንለው ይሻላል፤ ከርነሉ በጨለማ ቤት ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው በየመስመሩ እየጠየቀ መልስ የሚጠብቅበት ደረጃ ነውና።

«ደረሰበት» በአማርኛ «ምሥጢሩን አወቀ» ማለትም ስለሆነ ያሻማል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። በአሉታው «ሊደረስበት አልተቻለም» ሲባል ግን ስለ ዲስክ ያንን የሚረዳ አንባቢ አይኖርም። «ዲስኩ ተገኝቷል፤ ግን አይነበብም» እንበል የሚሉም ይኖራሉ። ይህ ስሕተት ዲስኩ በእርግጥ በተበላሸ ጊዜም ስለሚታይ፣ እንዲህ ያለው አባባል ማሽኑ ከሚያውቀው በላይ መናገር ይሆናል።