«ተቀበል» ያለው ማነው?

ስለ ኮምፒዩተር ሙያዊ ቃላት የሚደረገው ክርክር ዘወትር በስም ላይ ያተኩራል። «ዳታ» ይባል ወይስ «መረጃ»፣ «ፓስዎርድ» ይባል ወይስ «የይለፍ ቃል» እየተባለ ብዙ ቀለም ፈስሷል። ግሡን ግን ዞር ብሎ የሚያየው ጥቂት ነው። ይህ ሒስ የሚመለከተው አንዲት ግሥ ነው፤ ይኸውም ድርጅቶች የተጠቃሚውን የግል መረጃ ለመሰብሰብ ሲሹ በስልክና በኮምፒዩተር ገጽ ላይ፣ በአዝራር መልክ የሚያቀርቧትን «ተቀበል» ነው።

በመጀመሪያ «ላክ»፣ «ሰርዝ»፣ «አስቀምጥ» የሚሉትን አዝራሮች እንመልከት። አዛዡ ሰው፣ ታዛዡ መሣሪያ ነው። የሚልከውም የሚሰርዘውም መሣሪያው ስለ ሆነ፣ «አንተ» መባሉ ቅር አያሰኘውም። «ተቀበል» ላይ ስንደርስ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ምክንያቱም የሚቀበለው መሣሪያው ሳይሆን ሰውየው ነው። በዚያው በትእዛዝ አንቀጽ፣ በዚያው ቅርጽና ቀለም፣ የቀድሞው አዛዥ ታዛዥ ሆኖ ይገኛል። ያውም በ«አንተ»! ሴቲቱ «ተቀበዪ»፣ አዛውንቱም «ይቀበሉ» የመባል ወጋቸው ቀርቷል። በሰዋስው «የግሡ ባለቤት» የምንለው በአንድ አዝራር ስፋት ውስጥ ሳይታወቅ ተለውጧል። የመረጃው ባለቤትነት ጥያቄ የሚነሣውም እዚያው ላይ ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በተርጓሚው ላይ መጫን አይገባም። ፕሮግራም ጸሐፊዎች ለሰው የሚታዩትን ቃላት ከፕሮግራሙ ለይተው በሰንጠረዥ ያኖራሉ፤ ለተርጓሚውም የሚደርሰው ይኸው የተነጣጠለ ዝርዝር ነው። የእንግሊዝኛው ግሥ ባለቤቱን ሳይጠራ ብቻውን መቆም ይችላል። የአማርኛው ግሥ ግን ማን፣ ለማን፣ ወንድ ወይስ ሴት፣ አንድ ወይስ ብዙ የሚለውን ሳይናገር ከቤቱ አይወጣም። ለዚህም ሲባል «ጌትቴክስት» የተባለው የትርጉም መሣሪያ ከእያንዳንዱ ቃል ጋር የአገባብ ማስታወሻ የሚጻፍበት ቦታ አለው። ቦታው ባዶ ከተተወ ግን ተርጓሚው በግምት ይሠራል።

በሌሎች ገጾች ላይ «እስማማለሁ» የሚል ይገኛል። ይህ ከፊተኛው ይሻላል፤ ቢያንስ ተናጋሪው በራሱ አፍ ይናገራል። ሆኖም «ተስማማ» ከ«ሰማ» የወጣ ነው፤ የመደማመጥ ትርጉም አለበት፤ ሁለት ወገን ይሻል። አንባቢ ያላነበበው ረጅም ጽሑፍ በአንድ በኩል፣ መልስ የማይሰማ ፕሮግራም በሌላ በኩል ሆነው ሳለ መስማማት የሚባለው ከወዴት መጣ? ከዚህ የከፋው ደግሞ የኋለኛው ውጤት ነው። የተስማማ ሰው ሐሳቡን ቢለውጥ በቋንቋችን «ስምምነት አፈረሰ» ይባላል፤ ጥፋተኛ ይመስላል። ፈቃድ የሰጠ ሰው ግን «ፈቃዱን አነሣ» ቢባል መብቱ ነው። እ.ኤ.አ. ከሜይ 25 ቀን 2018 ጀምሮ የሚሠራበት የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ፣ ፈቃድን ማንሣት የመስጠትን ያህል ቀላል መሆን አለበት ይላል። የኅብረቱ ፍርድ ቤትም ኦክቶበር 1 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. በሰጠው ውሳኔ፣ አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሣጥን እንደ ፈቃድ እንደማይቆጠር አረጋግጧል።

ስለዚህ ተገቢው ግሥ «እፈቅዳለሁ» ነው። በዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አልዘነጋሁትም። «ፈቃድ» በዛሬው የቢሮ አማርኛ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነገር ሆኗል፤ የንግድ ፈቃድ፣ የመንጃ ፈቃድ፣ የዓመት ፈቃድ። ሰጪው መሥሪያ ቤት፣ ጠያቂው ዜጋ ነው። እኔ ግን ቃሉን የምመርጠው በዚሁ ምክንያት ጭምር ነው። በግእዝ «ፈቀደ» ማለት ወደደ፣ ፈለገ ማለት ነበር፤ «በፈቃዱ» ስንል ዛሬም ይኸው ትርጉም ሕያው ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ጠያቂው ድርጅት፣ ሰጪው ዜጋ ይሁን። «መቀበል»፣ «መፍቀድ» እየተባለ በንዑስ አንቀጽ ቢጻፍስ የሚሉ አሉ። ለ«መላክ» ይሁን፤ ፈቃድ ግን ባለቤቱ ካልታወቀ ፈቃድ አይደለም።

ጉዳዩ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መብት ደንግጓል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ከእንግዲህ አንድ ዜጋ «ፈቅደሃል» ተብሎ ሲከራከሩት ማስረጃ ሆኖ የሚቀርበው ያች አዝራር ልትሆን ትችላለች።

«እፈቅዳለሁ» በተጻፈበት ሁሉ «አልፈቅድም» በዚያው መጠን አጠገቡ መጻፍ አለበት። በብዙ ገጾች እምቢታው «ተጨማሪ አማራጮች» ከሚል ስም በስተጀርባ ተሸሽጓል። የፈረንሳይ የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽን፣ እምቢ ማለትን እሺ ከማለት የበለጠ አስቸጋሪ አድርገዋል በማለት ጉግልን 150 ሚሊዮን፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ መቅጣቱን በጃንዋሪ 2022 እ.ኤ.አ. አስታውቋል። ለሦስተኛው አዝራር፣ ማለትም ሐሳቡን ለለወጠ ሰው፣ «ፈቃዴን አንሥቻለሁ» የሚለውን አቀርባለሁ። ረዘመ የሚል ካለ «ፈቃዴን አነሣለሁ» ቢባልም አልቃወምም፤ «ስምምነት አፍርስ» ብቻ አይባል።